በቅዳሜና እሑድ የሚጻፍ ቻት፦ አማተር ፕሮግራመሮች ለምን ወደ አይአርሲ ይመለሳሉ?

እንጀራቸው ሳይሆን ደስ ስለሚላቸው ብቻ ኮድ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ቀን ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ሲሠሩ ይውሉና ማታ ማንም ያላዘዛቸውን ፕሮግራም ይጽፋሉ። አንዱ ጨዋታ ይሠራል፣ ሌላው የወጪ መመዝገቢያ፣ ሌላው የቤቱን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ። ከዚህ ሁሉ መካከል በየአገሩ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ፕሮጀክት አለ፤ እሱም ለአይአርሲ የሚሆን ፕሮግራም ነው።

አይአርሲ ከ35 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጽሑፍ ቻት ነው። ፎቶ አያሳይም፣ የድምፅ መልእክት የለውም፣ ትናንት የተባለውን ዛሬ አያወጣም። ያም ሆኖ በወጣትነታቸው ያወሩበት ሰዎች በናፍቆት ያነሡታል፤ ሲፈጠር ገና ያልተወለዱ ወጣቶችም እንደ አዲስ ኮድ ይጽፉለታል። ምክንያቱን ለመረዳት ናፍቆቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከኦውሉ የወጣ ፕሮግራም

ኦውሉ ከፊንላንድ ዋና ከተማ በስተሰሜን ርቃ የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በ1988 ያርኮ ኦይካሪነን በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦውሉቦክስ የሚባል፣ ሰዎች እየገቡ መልእክት የሚተዉበት ሥርዓት ያስተዳድር ነበር። ተጠቃሚዎቹ በአንድ ጊዜ ተገናኝተው እንዲያወሩ የሚያስችለው የቀድሞው ፕሮግራም በአግባቡ አይሠራም ነበርና፣ በኦገስት ወር በምትኩ የራሱን ጻፈ። ኢንተርኔት ሪሌይ ቻት፣ በአጭሩ አይአርሲ፣ የተባለው ይኸው ነው።

ሐሳቡ ከባዶ አልተነሣም። በ1973 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዳግ ብራውንና ዴቪድ ዎሊ ቶኮማቲክ የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። በእሱ ላይ አንድ ሰው የሚነካው እያንዳንዱ ፊደል ወዲያው በሌሎቹ ስክሪን ላይ ይታያል። በ1985 ደግሞ ጄፍ ኬል ቢትኔት በተባለው የዩኒቨርሲቲዎች መረብ ላይ የሚሠራ ቻት ጽፎ ነበር፤ ኦይካሪነንም ከእሱ ሐሳብ ወስዷል።

የፊንላንዱ ፕሮግራም በኦውሉ አልቀረም። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሰርቨሩን በየራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ጭነው ከኦውሉው ጋር ማገናኘት ይችሉ ነበር። መጀመሪያ ሄልሲንኪና ታምፔሬ ገቡበት፤ ከዚያ ውቅያኖስ ተሻግሮ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲና ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ኦገስትም በሞስኮ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን በዚሁ መንገድ ይለዋወጡ ነበር። በሜይ 1993 ኦይካሪነን ከዳረን ሪድ ጋር ሆኖ የሥርዓቱን ደንብ በሰነድ አወጣ። ሰነዱ 65 ገጽ ነው፤ ማንም በነፃ ያነበዋል፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ፕሮግራም ለመጻፍም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ሰርቨር፣ ቻናል፣ ኒክ

አይአርሲ ላይ መግባት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በኮምፒዩተሩ ላይ ክላየንት የሚባለውን ፕሮግራም ይከፍታል። ክላየንቱ ከአንድ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፤ ያ ሰርቨር ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ላይ የተያያዙት ሰርቨሮች ኔትወርክ ይባላሉ። በመሆኑም አንዱ ስቶክሆልም ካለ ሰርቨር፣ ሌላው ሲድኒ ካለ ሰርቨር ገብተው አንድ ክፍል ውስጥ ማውራት ይችላሉ።

ክፍሉ ቻናል ይባላል፤ ስሙም አብዛኛውን ጊዜ በ# ምልክት ይጀምራል። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ርእስ ለማመልከት የምንጠቀምበት ሃሽታግ የመጣው ከዚህ ነው፤ በኦገስት 2007 ክሪስ መሲና ምልክቱን ለትዊተር ሲያቀርብ አርአያ ያደረገው የአይአርሲን ቻናሎች ነበር። ቻናል ለመክፈት ማመልከቻ የለም። ያልነበረ ስም ተጽፎ ሲገባ ቻናሉ ይፈጠራል፤ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ይጠፋል። ቀድሞ የገባው ሰው ኦፕሬተር ይሆናል፤ ረባሽ የማስወጣትና በር የመዝጋት ሥልጣን አለው።

ተሳታፊው የሚታወቀው በመረጠው ስም፣ በኒኩ፣ ነው። የ1993ቱ ደንብ ለኒክ የሚፈቅደው 9 ፊደል ብቻ ነበር። የስልክ ቁጥር አይጠየቅም፣ ፎቶ የለም፣ የተከታይ ብዛት የለም። ሰውዬው የሚመዘነው በሚጽፈው ነገር ነው። ወሬውም ቡና ላይ እንደሚወራ ወሬ ነው፤ የነበረ ይሰማዋል፣ ያልነበረ ያመልጠዋል። ሰርቨሩ የመጣለትን መልእክት በቻናሉ ላሉት ሁሉ ያደርሳል፤ ለነገ ብሎ አያስቀምጥም።

አምስት ትእዛዝ

ለአማተር ፕሮግራመር ትልቁ መስህብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በክላየንቱና በሰርቨሩ መካከል የሚመላለሰው ነገር ተራ ጽሑፍ ነው። በዓይን ይነበባል፤ ክላየንት የሌለው ሰውም በእጁ እየተየበ ሰርቨሩን ማነጋገር ይችላል።

ለመጀመሪያ ፕሮግራም የሚያስፈልጉት አምስት ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ኒኩን ያሳውቃል። ቀጥሎ የተጠቃሚ ስሙን ያስመዘግባል። ሰርቨሩ 001 የሚል ቁጥር ይዞ ከመለሰ «እንኳን ደህና መጣህ» ማለቱ ነው፤ 433 ካለ ያንን ኒክ ሌላ ሰው ይዞታል ማለት ነው። ሦስተኛው ቻናል የመግቢያ ትእዛዝ ነው። አራተኛው መልእክት የመላኪያ ትእዛዝ ሲሆን፣ ለማን እንደሚላክና ምን እንደሚባል አብሮ ይጻፋል። አምስተኛው የመኖር ምልክት ነው። ሰርቨሩ በየጊዜው «ፒንግ» ይላል፣ ፕሮግራሙ «ፖንግ» ብሎ መመለስ አለበት። ካልመለሰ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ይቆጠርና ይባረራል።

ይህን ሁሉ ፓይተን በመሰለ ቋንቋ ለመጻፍ ከመቶ መስመር ያነሰ ኮድ ይበቃል። ኮድ መጻፍ የለመደ ሰው ቅዳሜ ጀምሮ እሑድ የሚያወራ ፕሮግራም ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ ነው ጣጣው የሚጀምረው። መልእክት ሲመጣ ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል፤ መስመሩ እስኪሞላ መጠበቅን ፕሮግራሙ መማር አለበት። በተቃራኒው ሦስት መልእክት ተያይዞ ሊመጣም ይችላል። ይህ በማንኛውም የኢንተርኔት ፕሮግራም ውስጥ ያለ ችግር ነው፤ እዚህ ግን ራቁቱን ይታያል።

ከደንቡ ውስጥ አንዱን ያነበበ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የኒክ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ሰነዱ በዚህ ላይ ጨምሮ ጥምዝ ቅንፍ የማዕዘን ቅንፍ «ትንሽ ፊደል» ነው ይላል። ምክንያቱ የሥርዓቱ ትውልድ አገር ነው። በዚያ ዘመን በፊንላንድና በስዊድን ኮምፒዩተሮች ላይ የቅንፎቹን ቦታ የያዙት የእነሱ ተጨማሪ አናባቢ ፊደላት ነበሩ። ያን ጊዜ የነበረ ውሳኔ ዛሬም አዲስ ፕሮግራም የሚጽፈውን ወጣት አንድ ምሽት ያስቸግረዋል።

የመስመር መበጠስና የቦቶች መበርከት

ሰርቨሮቹ የሚያያዙት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ይህ አሠራሩን ያቀለዋል፤ መልእክት እየዞረ ሁለት ጊዜ አይደርስም። ጉዳቱ ደግሞ አንድ መስመር ከተበጠሰ ኔትወርኩ ለሁለት መከፈሉ ነው። በዚያን ጊዜ በቻናሉ ካሉት ግማሾቹ በአንድ ቅጽበት እንደወጡ ሆነው ይታያሉ፤ በሌላው ወገን ላሉት ደግሞ የወጡት እነዚህኞቹ ናቸው። መስመሩ ሲቀጠል ሁሉም ግር ብለው ይመለሳሉ። ይህን የተጠቃሚዎቹ ቋንቋ ኔትስፕሊት ይለዋል።

ብልጣብልጦች ይህን ክፍተት ቶሎ አወቁት። ኔትወርኩ ሲከፈል በአንደኛው ወገን ማንም ያልቀረበት ቻናል ይኖራል፤ እዚያ ቀድሞ የገባ ኦፕሬተር ይሆናል። መስመሩ ሲቀጠል ሥልጣኑን ይዞ ይመጣና ባለቤቶቹን ያባርራል። የቻናል ዘረፋ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ።

መከላከያው ቦት ነበር። ቦት ሰው መስሎ ቻናል ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው፤ አይተኛም፣ ወዳጅንም ጠላትንም በዝርዝር ያውቃል፣ ሥልጣኑን ለሚገባው ይመልሳል። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ሮቢ ፖይንተር በ1993 መጨረሻ የጻፈው ኤግድሮፕ ነው። ዳልኔት የተባለው ኔትወርክ ደግሞ በ1994 ከተቋቋመ በኋላ ስምንና ቻናልን በይለፍ ቃል የማስመዝገብ አገልግሎት አመጣ። ማየት ያለብን እነዚህን መፍትሔዎች ማን እንዳመጣቸው ነው። ችግሩ የገጠማቸው ተጠቃሚዎች ራሳቸው ናቸው፤ አብዛኞቹም ያለ ክፍያ የሚሠሩ ነበሩ።

በ1995 ኻሊድ ማርዳምቤይ ኤምአይአርሲ የተባለውን ክላየንት ለዊንዶውስ አወጣ። ትእዛዝ መተየብ ለማይወደው ሰው መስኮትና ቁልፍ ሰጠው፤ ከዚያ በላይ ግን በውስጡ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ነበረው። ተጠቃሚው «እገሌ ሲገባ ሰላም በል» ብሎ በሁለት መስመር ማዘዝ ይችላል። ብዙ ወጣት የሕይወቱን የመጀመሪያ ኮድ የጻፈው፣ ኮድ መጻፍ መሆኑን እንኳ ሳያስበው፣ እዚህ ውስጥ ነው።

ባለቤታቸው የዘጋቸው ቻቶች

ከ1996 ጀምሮ ሌላ ዓይነት ቻት መጣ። በእስራኤል ሚራቢሊስ የተባለው ኩባንያ አይሲኪው አወጣ፤ በ1997 የአሜሪካው ኤኦኤል ኤአይኤምን፣ በ1998 ያሁ የራሱን፣ በ1999 ማይክሮሶፍት ኤምኤስኤን ሜሴንጀርን አስከተሉ። እነዚህ ከአይአርሲ የቀለሉ ነበሩ። የጓደኛ ዝርዝር ነበራቸው፣ ማን እንደገባና እንደወጣ ያሳዩ ነበር። ደንባቸው ግን በአብዛኛው የኩባንያው ምስጢር ነበር፤ የአንዱ ተጠቃሚ ከሌላው ተጠቃሚ ጋር አያወራም ነበር።

አማተሮች ይህንንም አልተዉትም። የሚመላለሰውን ዳታ እየተከታተሉ፣ የትኛው ቁጥር ምን እንደሚል እየገመቱ፣ የራሳቸውን ክላየንት ጻፉ። በ1998 ማርክ ስፔንሰር የጀመረው ጌም የተባለ ፕሮግራም በአንድ መስኮት ውስጥ ብዙ ቻቶችን ለማስተናገድ በቃ። ስሙ ከኤኦኤል ጋር ክርክር ስላስነሣ በ2007 ፒጅን ተብሎ ተቀየረ።

ኩባንያዎቹ ግን የዘጉ ዕለት ሁሉም አበቃ። ኤአይኤም በዲሴምበር 2017፣ ያሁ ሜሴንጀር በጁላይ 2018፣ አይሲኪው በጁን 2024 ተዘጉ። የተጠቃሚው ስም፣ የጓደኞቹ ዝርዝርና ልማዱ አብሮ ሄደ። ዛሬ የእነዚህን ሰርቨሮች አሠራር ከአሮጌ ክላየንቶች ላይ አጥንተው እንደገና የሚጽፉ አማተሮች አሉ። የ1999ኙን ክላየንት ከፍተው የድሮውን ድምፅ እንደገና መስማት ችለዋል። ሥራው ግን ከአይአርሲው በብዙ ይከብዳል፤ የሚነበብ ሰነድ አልተተወላቸውምና።

አይአርሲም ተዳክሟል። ከ2003 ወዲህ ተጠቃሚው በጣም ቀንሷል፤ ሰው ወደ ፌስቡክ፣ ኋላም ወደ ስላክና ዲስኮርድ ሄደ። ያም ሆኖ ከኩባንያዎቹ ቻቶች ጋር ያለው ልዩነት በ2021 ታየ። ለነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ዋና መገናኛ የነበረው ፍሪኖድ በባለቤትነት ውዝግብ ሲታመስ፣ ያንቀሳቅሱት የነበሩት በጎ ፈቃደኞች በሜይ ወር ለቀው ሊቤራ ቻት የሚባል አዲስ ኔትወርክ አቋቋሙ። ተጠቃሚው ማድረግ የነበረበት በክላየንቱ ላይ የሰርቨሩን አድራሻ መቀየርና ኒኩን እንደገና ማስመዝገብ ብቻ ነበር። ክላየንቱ ያው፣ ቦቱ ያው፣ ትእዛዞቹም ያው።

ቻትና ፊደላችን

ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ያገኘችው በጥር 1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። የአዲስ አበባ ኢንተርኔት ካፌዎች ሲበዙ ወጣቱ የገባው በአብዛኛው ወደ ያሁ ሜሴንጀር ነበር። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በፓልቶክ የድምፅ ክፍሎች ውስጥ ፖለቲካ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። ስለዚህ የእኛ ናፍቆት ስሙ ከፊንላንዶቹ ይለያል፤ ይዘቱ ግን ይመሳሰላል። የተዋሰ ስም፣ በደቂቃ የሚከፈል ሂሳብ፣ ማዶ ያለ የማይታወቅ ሰው።

የጽሑፉ ጉዳይ ግን የእኛ ብቻ ነው። አማርኛ የሚወራው በላቲን ፊደል ነበር። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ኮድ ስለሚጠቀሙ አንዱ የጻፈው በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር።

ዛሬ በአይአርሲ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ሥርዓቱ መልእክቱን የሚያየው እንደ ባይት ተራ እንጂ እንደ ፊደል አይደለምና አይከለክልም። ልኩ ግን ይጠብባል። አንድ መልእክት ከነትእዛዙና ከነመስመር መዝጊያው ከ512 ባይት አይበልጥም። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ላኪውንና ቻናሉን የሚገልጸው ክፍል ሲቀነስ፣ ለአማርኛ ጽሑፍ የሚተርፈው 140 ፊደል ገደማ ነው። ያለ ጥንቃቄ የተጻፈ ፕሮግራም ረጅም መልእክት ሲቆርጥ ከሦስቱ ባይት አንዱን ብቻ አስቀርቶ የመጨረሻውን ፊደል ያበላሸዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ አማተር እዚህ ላይ ጥሩ ሥራ አለ፤ ጽሑፉን በቃላት መካከል እየለየ የሚቆርጥ ክላየንት መጻፍ።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ በጣም የቀረበው ቴሌግራም ነው። ኩባንያው በጁን 2015 ማንም ቦት የሚጽፍበትን መንገድ ከፍቷል፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወጣትም የመጀመሪያውን ቦት የሠራው እዚያ ነው። በ/ ምልክት የሚጀምረው ትእዛዝ፣ ቡድን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ቦት፣ ረባሽ የሚያስወጣው አስተዳዳሪ፣ ሁሉም በአይአርሲ ዘመን የተለመዱ ነበሩ። ልዩነቱ ቴሌግራም ላይ ሰርቨሩ የኩባንያው መሆኑ ነው። የሚፈቀደውን እሱ ይወስናል፤ ሰርቨሩን ራሱን መጻፍ አይቻልም።

የሚናፈቀው ምኑ ነው?

ናፍቆት እንደሚያሳምር የታወቀ ነው። የድሮው ቻት ስድብ ነበረበት፤ ዘረፋ፣ ቫይረስ የያዘ ፋይል፣ ዕድሜውን የሚዋሽ ሰው ነበረበት። ብዙ ጊዜ ንግግሩ ሳይመሰጠር ይሄድ ስለነበር መሐል ላይ ያለ ሰው ሊያነበው ይችል ነበር፤ የተጠቃሚው የኢንተርኔት አድራሻም ለሁሉም ይታይ ነበር። ይህንን ማንም መልሶ አይፈልገውም።

ከትዝታው ላይ ወጣትነቱ ሲቀነስ የሚተርፈው የባለቤትነት ስሜት ነው። የ1995ቱ ተጠቃሚ ቻቱ ካላረካው ይቀይረዋል፤ ክላየንቱ ካስጠላው ሌላ ይጽፋል፤ ኔትወርኩ ከመረረው የራሱን ይከፍታል። ይህን ለማድረግ የመሐንዲሶች ቡድን አያስፈልገውም፤ 65 ገጽ ማንበብ ይበቃዋል። በመጠቀምና በመሥራት መካከል የነበረው ርቀት አጭር ነበር። ዛሬ የምንጠቀምባቸው መተግበሪያዎች ከዚያ በብዙ የተሻሉ ናቸው፤ ይሁንና ተጠቃሚው ከተጠቃሚነት አልፎ የሚገባበት በር የላቸውም፣ ካላቸውም ጠባብ ነው። በዚያ ዘመን ያልኖሩት ወጣቶች ወደ አይአርሲ የሚመጡት ስለዚህ ነው። የሚናፍቁት ትዝታ የላቸውም፤ የሚሹት በእጅ የሚነካ ነገር ነው።

መሞከር ለሚፈልግ

ኮድ የማይጽፍ ሰው ሄክስቻት ወይም ዊቻት (WeeChat) የተባሉትን ክላየንቶች በነፃ አውርዶ ሊቤራ ቻት ላይ መግባት ይችላል። ሲገባ በ6667 ሳይሆን በ6697 ቁጥር በር በኩል ይግባ፤ ሁለተኛው የተመሰጠረ ነው። ቻናል ገብቶ ሰላም ብሎ መልስ ቢያጣ አይገረም። ብዙዎቹ ክላየንታቸውን ከፍተው ሌላ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው፤ መልሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ኮድ መጻፍ የሚማር ሰው ደግሞ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይቀለዋል። መጀመሪያ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ዝግጁ የሆነ ሰርቨር ይጫን፤ ማንንም ሳይረብሽ ይሳሳትበታል። ከዚያ ገብቶ ለፒንግ የሚመልስ ብቻ ፕሮግራም ይጻፍ። ቀጥሎ አንድ ትእዛዝ ያስተምረው፤ ሰዓት ሲጠየቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚናገር ቦት ጥሩ ጅምር ነው። መስመር ሲቋረጥ ራሱ ተመልሶ እንዲገባ ማድረግ የሚቀጥለው ትምህርት ነው፤ በየሰከንዱ ሳይሆን እየቆየ፣ እያራራቀ ይሞክር፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ ያግደዋል። ቦቱን ሰው ወዳለበት ቻናል ከማስገባቱ በፊት ግን ኦፕሬተሮቹን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ይህ ነባር ሥነ ሥርዓት ነው፣ ብዙ ቻናሎችም ያላሳወቀ ቦት ያባርራሉ።

ይህን ያደረገ ሰው ከቻት ያለፈ ነገር ይዞ ይወጣል። ኢሜይል የሚላክበትና ድረ ገጽ የሚከፈትበት መሠረታዊ ደንብም በዚሁ መልክ የተጻፈ ነው፤ ትእዛዝ ይላካል፣ ቁጥር ያለው መልስ ይመጣል። የአይአርሲን 433 ያወቀ ሰው ድረ ገጽ ሲጠፋ የሚመጣው 404 ከየት እንደሚመጣና ማን ለማን እንደሚናገረው ለመረዳት አይቸገርም።